ከእንቅልፍ ሲነቃ ታች ስክሪኑ አንዳንዴ ይሞታል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ደህና ነው

ነጠላ_ኮር | ሰኞ፣ ማታ 3:10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ችግሩም የእንቅልፍ ነው።

በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ 7 ኢንች ታች ስክሪን (በጣት የሚነካ) ያለው ዕቃ እየሠራን ነው። ከርነሉ (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ሊኑክስ 6.1። ቦርዱን የሸጠልን ድርጅት ድራይቨሮቹን (ከርነሉ እያንዳንዱን ቺፕ የሚያዝባቸውን ፕሮግራሞች) ከነኮዳቸው ሰጥቶናል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ኢሜይል ብንልክ መልስ የለም። የታች ቺፑ ኤስፒአይ ባስ (ቺፖች የሚነጋገሩበት መስመር) ላይ ነው። ፓወሩን የሚያበራና የሚያጠፋለት ፒን ግን በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ አይመጣም። ፕሮሰሰሩ ላይ ፒን ሲያልቅባቸው ከጂፒአይኦ ኤክስፓንደር (ተጨማሪ ፒን ከሚሰጥ ቺፕ) ወስደውታል። ኤክስፓንደሩ ደግሞ አይቱሲ በሚባል ሌላ ባስ ላይ ነው፣ አድራሻው በሄክስ 20።

ዕቃው ይተኛል። የፓወር ቁልፉን ስጫን ይነቃል፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ዋይፋዩ ይመለሳል። ጣት ግን አይሰማም። ሁልጊዜ አይደለም፣ ከ10 ጊዜ 3 ወይም 4 ጊዜ። ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል።

ያሳበደኝ ይሄ ነው፦ ኢኤምኤምሲው (ፋይል የሚቀመጥበት የማከማቻ ቺፕ) ላይ ትልቅ ፋይል እየገለበጥኩ ካስተኛሁት አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። የሚበላሸው ሥራ ፈትቶ ቆይቶ ሲተኛ ነው። ሥራ ሲበዛበት ደህና ሆኖ ሲያርፍ የሚታመም ዕቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሎጉ ላይ ያገኘሁት አንድ መስመር ብቻ ነው። ከአይቱሲው አዳፕተር (ባሱን ከሚያንቀሳቅሰው) «ትራንስፈር ዋይል ሰስፔንድድ»፣ ማለትም «ተኝቼ ሳለሁ መልእክት መጣ»፣ ይላል። እሱም ካበራሁት በኋላ አንዴ ብቻ ይታያል፣ ታቹ አምስቴ ቢሞትም አይደገምም።

ባለ_ፓች | ሰኞ፣ ማታ 3:42

ያ መስመር ብቻውን አይመጣም። ከሥሩ ስታክ ትሬስ (የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ የሚያሳይ ዝርዝር) ያትማል። ግሬፕ አድርገህ (ቃሉ ያለበትን መስመር ብቻ ለቅመህ) ነው ያየኸው፣ ሁላችንም የምንሠራው ጥፋት ነው። ሙሉውን አምጣው።

አንዴ ብቻ የታየህ ችግሩ አንዴ ስለደረሰ አይደለም። የአይቱሲ ኮሩ ለአንድ አዳፕተር አንዴ አስጠንቅቆ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ባሱ ተኝቶ ሳለ የሚመጣ ትራንስፈር ሁሉ ያለ አንዳች ድምፅ በ-108 ይመለሳል። 108 ኢሻትዳውን ነው፣ «ዘግተናል፣ ነገ ና» እንደማለት።

ሁለት ነገር ጨምር። ከርነል ኮማንድ ላይኑ ላይ «ኖ_ኮንሶል_ሰስፔንድ» አስገባ፤ አለዚያ ሲሪያል ኮንሶሉ (ሎጉን በሽቦ ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያወጣው) ቀድሞህ ይተኛና መጨረሻውን አታይም። ከዚያ /ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ፕሪንት_ታይምስ የሚባለው ፋይል ውስጥ 1 ጻፍ። እያንዳንዱ ዲቫይስ መቼ እንደተጠራና ስንት ማይክሮ ሰከንድ እንደፈጀ ሎጉ ላይ ያወጣልሃል።

ቁልፍ እየተጫንክ ጣትህን አትግደል። /ሲስ/ፓወር/ፒኤም_ቴስት ውስጥ «ዲቫይስስ» ብለህ ጽፈህ አስተኛው። ፕሮግራሞቹን አቁሞ ዲቫይሶቹን ብቻ ያስተኛል፣ 5 ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይመልሳቸዋል። ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ነው የሚመለሰው፤ የአንተ ችግር ደግሞ ከዚያ በፊት ያለ ይመስለኛል።

ላፕቶፔ_ሞቀ | ሰኞ፣ ማታ 4:05

በመሀል ልግባና፣ የኔ ላፕቶፕ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ስከተው እንደ ምጣድ ይግላል። ቢሮ ስደርስ ባትሪው 20 በመቶ። ተመሳሳይ ችግር ይሆን?

ድሬ_ሊኑክስ | ሰኞ፣ ማታ 4:11

@ላፕቶፔ_ሞቀ አይመስለኝም። /ሲስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕን ክፈትና እይ። «ኤስቱአይድል» እና «ዲፕ» የሚሉ ሁለት ቃላት ካሉ በካሬ ቅንፍ የታጠረው አሁን የሚሠራበት ነው። ዲፕ ሲሆን ማሽኑ ሚሞሪውን ብቻ እየመገበ ሌላውን በፈርምዌሩ በኩል ይዘጋል። ኤስቱአይድል ሲሆን ግን የሚዘጋልህ የለም፤ ዲቫይሶቹ በየራሳቸው ፓወራቸውን ዝቅ ካላደረጉ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ከማለት በቀር ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ አይገባም። አንድ ያልተኛ ዲቫይስ ቤቱን በሙሉ ያስነቃል። አዲሶቹ ላፕቶፖች ብዙዎቹ ዲፕን ጭራሽ አይሰጡም።

አወያይ | ሰኞ፣ ማታ 4:13

የላፕቶፑን ጉዳይ አዲስ ክር ክፈቱለት እባካችሁ። እዚህ ስለ ታች ስክሪኑ ብቻ።

ተማሪ_ነኝ_ገና | ሰኞ፣ ማታ 4:20

«ታቹ ሞተ» ስትሉ ከላይኛው የተረፈ አለ ወይ ብዬ ነበር የገባሁት 😄 ቁጭ ብዬ እየተማርኩ ነው።

ነጠላ_ኮር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30

@ባለ_ፓች አመሰግናለሁ። (ግድ የለም እንጂ አንተ ሳይሆን አንቺ ነኝ።) እውነትህን ነው፣ ግሬፕ አድርጌ ነበር።

በፒኤም_ቴስቱም ይደገማል፤ ሌሊቱን ያጠፋሁበትን ነገር በሩብ ሰዓት አየሁት። ትሬሱን ከላይ ወደ ታች ላንብብላችሁ። ከላይ የአይቱሲ ትራንስፈር። ከሱ ሥር ኤክስፓንደሩ ፒኑን ሊቀይር የጻፈው። ከሱ ሥር የታች ድራይቨሩ ሰስፔንድ (የማስተኛት) ፈንክሽን። ከሱ ሥር የከርነሉ የዲቫይስ ሰስፔንድ ኮድ። ከሥር ከሥሩ «አሲንክ_ራን_ኤንትሪ_ኤፍኤን» የሚል አለ።

የታች ድራይቨሩ ሰስፔንድ የሚሠራው ሦስት ነገር ነው። በኤስፒአይ ለቺፑ «ተኛ» ይለዋል፤ 60 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ፓወሩን በኤክስፓንደሩ በኩል ይቆርጣል። የቺፑ ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ) ደግሞ አንዴ «ተኛ» ከተባለ የሚነሳው ፓወሩ ጠፍቶ ሲበራ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ፓወሩ ሳይቆረጥ ከቀረ፣ ሲነቃ «አብራ» ብንለውም መጀመሪያውንም ስላልጠፋ ለውጥ የለም። ቺፑ እንደተኛ ይቀራል። ለምን እንደሚሞት ገባኝ ማለት ነው። ለምን አንዳንዴ ብቻ እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ድራይቨሩስ ፓወሩን መቁረጥ ካቃተው ለምን ሰስፔንዱን አያስቆምም?

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:15

ልጄ፣ የትሬስሽ የመጨረሻዋ መስመር ናት ነገሩን የያዘችው። ከሥር ልጀምርልሽ፣ ተማሪውም ይስማ።

ከርነሉ ሲያስተኛ ዲቫይሶችን እንደ ዛፍ ነው የሚያያቸው። የኤስፒአይ ተቆጣጣሪው አባት፣ የታች ቺፑ ልጅ። የአይቱሲ ተቆጣጣሪው አባት፣ ኤክስፓንደሩ ልጅ። ሲተኛ ልጅ ቀድሞ፣ አባት ተከትሎ፤ ሲነቃ የተገላቢጦሽ። የሰርግ ድንኳን ሲነቀል አይተሻል፤ መጀመሪያ ሰው ይወጣል፣ ወንበሩና ጠረጴዛው ይወጣል፣ ምሰሶው መጨረሻ ነው። ምሰሶውን ቀድሞ የነቀለ ሸራው ወንበሩ ላይ ይወድቅበታል።

ከዚያ በፊት «ፕሪፔር» የሚባል ዙር አለ፤ እሱ ብቻ ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል። ዓላማው ማስተኛት አይደለም። በር ላይ ሰው አቁሞ «ከእንግዲህ አዲስ እንግዳ አይገባም» ማለት ነው። ባስ ሊተኛ ሲል አዲስ ዲቫይስ ቢመዘገብበት ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። ከፕሪፔር በኋላ «ሰስፔንድ»፣ ከዚያ «ሰስፔንድ_ሌት»፣ በመጨረሻ «ሰስፔንድ_ኖአይአርኪው» ይመጣል። በመጨረሻው ዙር የዲቫይሶቹ ኢንተራፕት ሃንድለሮች (ዲቫይሱ «ስሙኝ» ሲል የሚነሱት ፈንክሽኖች) አይጠሩም። ሁሉም ዲቫይስ አንዱን ዙር ሳይጨርስ ማንም ወደሚቀጥለው አያልፍም።

ወደ አንቺ ጉዳይ። የታች ቺፑና ኤክስፓንደሩ በዛፉ ላይ ዝምድና የላቸውም። አንዱ በኤስፒአይ በኩል፣ ሌላው በአይቱሲ በኩል። ፓወሩን የሚሰጠው ኤክስፓንደሩ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ሼማቲኩ ያውቃል፣ ከርነሉ አያውቅም። ድሮ ሁሉ ነገር በአንድ ሰልፍ ሲተኛ ይሄ አይጎዳም ነበር። ከርነሉ ሰልፉን የሚይዘው በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ሲሆን ሲያስተኛ ከጭራው ይጀምራል። ታች ድራይቨሩ ሲነሳ ኤክስፓንደሩ ገና ስላልነበረ «ቆይተህ ተመለስ» ተብሎ ፕሮቡ (ድራይቨሩ ዲቫይሱን የሚረከብበት ሥራ) ዘግይቷል፤ ፕሮቡ የዘገየ ዲቫይስ ደግሞ ወደ ሰልፉ ጭራ ይወሰዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ይተኛ ነበር። አጋጣሚው ይጠብቀው ነበር ማለት ነው።

አሁን ግን «አሲንክ» ይላል። ድራይቨሩ ፕሮብ ውስጥ «ዲቫይስ_ኢኔብል_አሲንክ_ሰስፔንድ» የሚል አንድ መስመር ታገኛለሽ። መነቃቃቱን ለማፋጠን ብለው ነው፤ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አሲንክ የሆነ ዲቫይስ በራሱ ትሬድ፣ ማለትም ከዋናው ሥራ ጎን ለጎን፣ ይተኛል፣ ዋናው ሰልፍ አይጠብቀውም፣ የሚጠብቀው አባቱ ብቻ ነው። ታቹ 60 ሚሊ ሰከንዱን ሲቆጥር ዋናው ሰልፍ ኤክስፓንደሩን አልፎ፣ የአይቱሲውን ተቆጣጣሪ አስተኝቶ ሄዷል። ታቹ ከእንቅልፉ ዞር ብሎ «ፓወሬን ቁረጡልኝ» ሲል መልሱ -108 ነው።

ድራይቨሩ ለምን አይጮህም ላልሽው፦ በ6.1 ጂፒአይኦ ፒን ላይ ዋጋ የሚጽፈው ፈንክሽን ምንም አይመልስም፣ ቮይድ ነው። ስህተቱ እዚያው ይቀራል። ድራይቨሩ ቆረጥኩ ብሎ ዜሮ መልሶ ይተኛል።

ተማሪ_ነኝ_ገና | ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:50

ጋሼ ግልጽ ነው፣ እናመሰግናለን። ግን ፋይል ሲገለበጥ ለምን ደህና ይሆናል? ከርነሉ ገና ሲጀምር ሲንክ አድርጎ ፋይሉን ወደ ኢኤምኤምሲ ይጽፋል አይደል? ዲቫይሶቹ ሲተኙ መጻፉ አልቋል።

ሙኒክ_ማታ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:05

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ካርዱ (ኢኤምኤምሲው) ሆድ ውስጥ ነው። ሲንኩ ዳታውን ለኢኤምኤምሲው አስረክቧል፤ ኢኤምኤምሲው ግን የራሱ ካሽ (ጊዜያዊ ማቆያ) አለው። ከመተኛቱ በፊት ድራይቨሩ ያንን ካሽ አራግፍ ይለዋል፣ ከዚያም መተኛቱን ይነግረዋል። ብዙ ከተጻፈበት ማራገፉ ይረዝማል።

ካርዱም አሲንክ ነው፣ አባቱ የሆነው የኢኤምኤምሲ ተቆጣጣሪ ግን በዋናው ሰልፍ ላይ ነው፤ ልጁ ሳይጨርስ መተኛት ስለማይችል ሰልፉ እዚያ ቆሞ ይጠብቃል። @ነጠላ_ኮር የሰዓቱን ሎግ ብታዪ የኢኤምኤምሲ ተቆጣጣሪው የሚጠራው ከአይቱሲው በፊት ይመስለኛል። ካርዱ ካሹን ሲያራግፍ 60 ሚሊ ሰከንዱ ያልቃል፣ ታቹ ፓወሩን በሰላም ይቆርጣል። ካርዱ ሥራ ከሌለው ሰልፉ ሳይቆም ያልፋል። ስለዚህ ታችሽን እስከ ዛሬ ያዳነው የካርዱ መዘግየት ነው።

እኔ መኪና ቦርድ ላይ ነው የምሠራው፣ በየሳምንቱ እንዲህ ያለ እናያለን። እኛ የምናደርገው የአይቱሲ ተቆጣጣሪውን ሰስፔንድ ወደ ኖአይአርኪው ዙር መግፋት ነው። ሁሉም ተራ ሰስፔንዳቸውን ሳይጨርሱ ስለማይደርስ ባሱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሁለት መስመር ለውጥ፣ አለቀ።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:40

አላለቀም፣ ቀጠሮው ተላለፈ እንጂ። ነገ አንዱ ድራይቨር በኖአይአርኪው ዙር ውስጥ ያንኑ ባስ ይፈልገዋል፤ ያኔ ወዴት ትገፋዋለህ? «ሰስፔንድ_ሌት» የሚባለው ዙር የመጣው በከርነል 3.4 ነው፣ እ.ኤ.አ. 2012። ሰው ሁሉ ችግሩን አንድ ዙር ወደፊት እየገፋ ስንት ዓመት ኖረ። ለዚህ ተብሎ ነው 4.10 ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ፣ ዲቫይስ ሊንክ የመጣው። በዛፉ ላይ ዝምድና የሌላቸውን ሁለት ዲቫይሶች «ይሄ ሰጪ ነው፣ ያ ተቀባይ ነው» ብሎ ማስመዝገብ። ከዚያ ሰጪው ተቀባዩ ሳይተኛ አይተኛም፣ ተቀባዩም ሰጪው ሳይነቃ አይነቃም። አሲንክ ቢሆንም ባይሆንም።

ሙኒክ_ማታ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:58

ጋሼ በመርህ ልክ ነዎት። ግን የባስ ተቆጣጣሪን ማዘግየት ሃክ ብቻ አይደለም፣ ከርነሉ ውስጥ ያሉ በርካታ የአይቱሲ ድራይቨሮችም እንደዚያ ናቸው። ባስ አገልጋይ ነው፤ አገልጋይ ዘግይቶ ቢተኛ ምን አለበት? ዕቃው ሰኞ መላክ ሲኖርበት ሰው ዲቫይስ ትሪ (ቦርዱ ላይ ምን ከምን እንደተያያዘ ለከርነሉ የሚነግረውን ፋይል) ሲያስተካክል አይቀመጥም።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

ባሱ ዘግይቶ መተኛቱን አልጠላሁም። የጠላሁት ዝምድናው ሳይነገር መቅረቱን ነው። አንተ ባሱን ብታዘገየውም ኤክስፓንደሩ ራሱ ሰስፔንድ ቢኖረውና ቀድሞ ቢተኛስ? ሲነቃ ደግሞ ታቹ ኤክስፓንደሩን ሳይጠብቅ ቢነሳስ?

ሙኒክ_ማታ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:14

እሺ፣ ይሄንን እቀበላለሁ።

ድሬ_ሊኑክስ | ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

ሁለታችሁም ከመከራከራችሁ በፊት መላምቱን በአንድ ደቂቃ መፈተን ይቻላል። /ሲስ/ፓወር/ፒኤም_አሲንክ ውስጥ 0 ጻፊ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ሰልፍ ይተኛል። ችግሩ ከጠፋ ጋሼ እንዳሉት የቅደም ተከተል ነው። ካልጠፋ ሌላ ነገር እንፈልጋለን።

ነጠላ_ኮር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:50

0 አድርጌ 100 ጊዜ አስተኛሁት። አንድም አልሞተም። መልሼ 1 ሳደርገው በሦስተኛው ሞተ።

ሎጉም ልክ @ሙኒክ_ማታ እንዳልከው ነው፣ የኢኤምኤምሲ ተቆጣጣሪው ከአይቱሲው በፊት ይጠራል። ፋይል ስገለብጥ እዚያ 140 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆማል፣ ሥራ ሲፈታ 9። 9 ከ60 ያንሳል፣ 140 ይበልጣል። ሁለት ሳምንት የፈለግኩት ነገር ይሄ ነው!

0 አድርጌ ብተወው አይሻልም? መንቃቱ ግን ከ0.6 ሰከንድ ወደ 1.1 ሆነ፣ በዓይን ይታወቃል።

ባለ_ፓች | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:15

አትተዪው። ፒኤም_አሲንክ መመርመሪያ ነው፣ ለአንድ ድራይቨር ጥፋት የማሽኑን ዲቫይሶች በሙሉ ትቀጫለሽ።

እኔ ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። 6.1 ላይ ነሽ። ከ5.13 ጀምሮ ከርነሉ ዲቫይስ ትሪውን ራሱ አንብቦ ሊንክ ይሠራል። ስሙ «-ጂፒአይኦስ» በሚል የሚያልቅ ፕሮፐርቲ ወደ ኤክስፓንደሩ ካመለከተ ዝምድናው ሳትጠይቂው ይመዘገባል። ያንቺ ለምን አልተመዘገበም? ዲቫይስ ትሪው ላይ የታቹን ኖድ (ስለሱ የተጻፈውን ክፍል) አሳዪን።

ነጠላ_ኮር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4:40

አየሁት፣ አፈርኩም። ወደ ኤክስፓንደሩ የሚያመለክት ነገር የለም። «ፓወር-ፒን» የሚል የራሳቸው ፕሮፐርቲ ነው፣ ዋጋው 308፣ ባዶ ቁጥር። ድራይቨሩ ቁጥሩን አንብቦ በድሮው ጂፒአይኦ_ሪክዌስት ይወስደዋል።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ | ረቡዕ፣ ጠዋት 5:05

አንቺ ምን አሳፈረሽ፣ የጻፉት እነሱ ናቸው። 308 ማለት «ከመርካቶ አንዱ ሱቅ» እንደማለት ነው። ከርነሉ ከቁጥር ዝምድና ማንበብ አይችልም። ቁጥሩ ራሱ ሌላ ቺፕ ቀድሞ ከተመዘገበ ይቀየራል፤ አንድ ቀን የታቹን ፓወር እቆርጣለሁ ብለሽ የዋይፋዩን ትቆርጫለሽ።

እንዲህ አድርጊ። ዲቫይስ ትሪው ላይ «ፓወር-ፒን»ን አውጪና «ፓወር-ጂፒአይኦስ» በዪው፤ ዋጋው የኤክስፓንደሩ ኖድ ማመልከቻ፣ ከሱ ቀጥሎ የፒኑ ቁጥር በቺፑ ላይ ያለው፣ ከሱ ቀጥሎ ሲበራ ከፍ ወይም ዝቅ የሚል መሆኑ። ድራይቨሩ ውስጥ ሪክዌስቱን በዴቭኤም_ጂፒአይኦዲ_ጌት ተኪው። የሰስፔንዱን ቅደም ተከተል አትንኪው፣ አሲንኩንም አታጥፊው። ከዚያ አብሪውና /ሲስ/ክላስ/ዴቭሊንክ ውስጥ ገብተሽ ስሞቹን እዪ፤ ሰጪው ከፊት፣ ሁለት ጭረት፣ ከዚያ ተቀባዩ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ስክሪኑን በጣት መንካት ዕቃውን ማንቃት አለበት? አለበት ከሆነ ፓወሩን መቁረጥ ራሱ ስህተት ነው፣ ሌላ ወሬ ይጀመራል።

ነጠላ_ኮር | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:20

የለበትም ጋሼ፣ የሚያነቃው የፓወር ቁልፉ ብቻ ነው።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ዴቭሊንክ ውስጥ ትናንት ያልነበረ ስም ዛሬ አለ፦ አይቱሲ:1-0020--ኤስፒአይ:ኤስፒአይ0.0። አይቼው ብቻዬን ሳቅኩ።

አሲንኩ እንደበራ 300 ጊዜ በእውነተኛው እንቅልፍ አስተኛሁት፤ በአርቲሲዌክ (በሰዓቱ በሚያነቃ ትእዛዝ) እያስተኛሁ በ10 ሰከንድ እንዲነቃ አድርጌ። በሎጉ ላይ አሁን ኤክስፓንደሩ ታቹን ይጠብቃል፣ አይቱሲው ኤክስፓንደሩን ይጠብቃል፣ አንድም -108 የለም።

ግን 2 ጊዜ ሌላ ነገር ወጣ። ልክ ሲተኛ ከታች ድራይቨሩ የኤስፒአይ ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለፉ)፣ -110። ሲነቃ ታቹ ይሠራል፣ አልሞተም። ልተወው ወይስ?

ድሬ_ሊኑክስ | ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:45

እንዴት ይሆናል? ዲቫይስ ከመተኛቱ በፊት ፍሪዘሩ (ፕሮግራሞችን የሚያቆመው የከርነሉ ክፍል) ሁሉንም ነገር አቁሟል። ኤስፒአዩን የሚነካው ማን ተርፎ ነው?

ሙኒክ_ማታ | ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ፍሪዘሩ የሚያቆመው የተጠቃሚ ፕሮግራሞችን ነው። የከርነል ትሬዶች ግን «እኔንም አቁሙኝ» ብለው ካልተመዘገቡ በቀር አይቆሙም። ወርክኪውም (የከርነሉ የሥራ ወረፋ) ፍሪዘብል ተብሎ ካልተከፈተ እንደዚያው ነው።

@ነጠላ_ኮር ተይው አልልሽም። ድራይቨሩ ጣት ከስክሪኑ መነሳቱን ለማወቅ በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ የሚጠይቅ ዲሌይድ ወርክ (በቀጠሮ የሚነሳ ሥራ) ሳይኖረው አይቀርም። ሰስፔንዱ ፓወሩን ከቆረጠ በኋላ ያ ወርክ ተነስቶ ለጠፋ ቺፕ «ጣት አለ?» እያለ ይጠይቃል። ድራይቨሩ መልሱን ቢጠብቅ መላሽ የለም፣ ታይምአውት።

ነጠላ_ኮር | ረቡዕ፣ ማታ 1:55

አለ። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ። የሚነሳው ከኢንተራፕት ሃንድለሩ ነው፣ የሚነሳበት ኪው ደግሞ ተራው የሲስተም ኪው ነው። ሰስፔንዱ ውስጥ አልተሰረዘም። ካንስል_ዲሌይድ_ወርክ_ሲንክ ልጨምርበት?

ሙኒክ_ማታ | ረቡዕ፣ ማታ 2:10

አዎ፣ ግን መጀመሪያ ኢንተራፕቱን ዝጊ። ዲሴብል_አይአርኪው፣ ከዚያ ካንስሉ፣ ከዚያ «ተኛ» ትእዛዙ፣ መጨረሻ ፓወሩ። ወርኩን ቀድመሽ ብትሰርዥ በመሀል ጣት ያረፈ እንደሆነ ኢንተራፕቱ አዲስ ወርክ ይወልድብሻል። ሲነቃ በተቃራኒው፦ ፓወር፣ ቺፑን ማዘጋጀት፣ ኢንተራፕቱን መክፈት መጨረሻ። ወርኩን ራስሽ አታስነሺው፣ ኢንተራፕቱ ያስነሳዋል።

ጋሽ_ኦሲሎስኮፕ | ረቡዕ፣ ማታ 2:22

ይሄን በዙር መግፋት አይፈታውም፣ አየህ 🙂

ሙኒክ_ማታ | ረቡዕ፣ ማታ 2:24

ጋሼ ይተውኝ እንጂ፣ ተቀብያለሁ ብያለሁ።

ነጠላ_ኮር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:15

የሌሊቱን ወሬ ልንገራችሁ። ሁለቱንም ለውጥ አስገብቼ፣ ስክሪኑ ላይ ጣቴን እያሻሸሁ አንድ 50 ጊዜ አስተኛሁት፣ ደህና ነበር። ከዚያ በሉፕ ትቼው ተኛሁ። ሲሪያል ሎጉን የምይዘው በድሮ ዴስክቶፕ ነው። ሌሊት መብራት ጠፋና ዴስክቶፑ ጠፋ። ጠዋት ስመጣ ሎግ የለም፣ ጥቁር ስክሪን።

ደግነቱ ሉፑን ስጽፍ ዙሩን ኢኤምኤምሲው ላይ ወዳለች ፋይል እንዲጽፍ አድርጌው ነበር። ዕቃው በባትሪው መብራት መጥፋቱንም አላወቀም፤ እስከ ጠዋት ሲተኛ ሲነቃ አድሯል። ፋይሏ ላይ 1387 ይላል። /ሲስ/ፓወር/ሰስፔንድ_ስታትስ ውስጥ የከሸፈው ቁጥር 0። ዲሜሰጁን (የከርነሉን ሎግ) ገለበጥኩት፣ -108 የለም፣ -110 የለም። ጣቴን አስቀመጥኩ፣ ይሰማል።

ባለ_ፓች | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:40

እንኳን ደስ አለሽ! ግን ዙሩን ኢኤምኤምሲው ላይ እየጻፈ ነበር ካልሽ፣ ካርዱ በየዙሩ ሥራ ነበረው ማለት ነው። ያ መዘግየት እንደገና ሳያግዝሽ አልቀረም። ቁጥሩን ሚሞሪ ላይ ባለ ፋይል፣ ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ፣ እያስጻፍሽ ድገሚው።

ነጠላ_ኮር | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:44

ወይ ጉድ። አሁኑኑ አስጀመርኩት።

ነጠላ_ኮር | ሐሙስ፣ ከሰዓት 11:30

በቲኤምፒኤፍኤስ 1000 ዙር፣ ኢኤምኤምሲው ምንም ሳይነካ። የተቆጣጣሪው ሰዓት በሁሉም ዙር ከ8 እስከ 11 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ማለትም በፊት ይሞት የነበረበት ሁኔታ። አንድም አልሞተም። ፓቹን (የኮድ ለውጡን) በሁለት ከፍዬ ለቦርዱ ሻጭ ልኬላቸዋለሁ፤ እስካሁን መልስ የለም።

ላፕቶፔ_ሞቀ | ሐሙስ፣ ማታ 1:05

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የኔን ክር ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ ዛሬም ቦርሳዬ ግሏል።